የሐበሻ ሽንኩርት በቁጥር ወይስ በሚዛን?

የሐበሻ ሽንኩርት ከአንድ ሥር ብዙ ሆኖ ተያይዞ የሚበቅል ስለ ሆነ፥ የአንዱ ራስ መጠን ከሌላው እጅግ ይለያያል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ በቁጥር የሚገዛ ሰው ቁሌቱ አንድ ጊዜ ያንሰዋል፥ አንድ ጊዜም ይተርፈዋል። የታመነው መለኪያ ሚዛን ነው። ደቃቃው በኪሎ ሲገዛ ርካሽ ቢመስልም ልጣጩ ብዙ ነው፤ ባልትና የሚያውቁ ሴቶች ይህን ከነጋዴው ቀድመው ተረድተውታል።

ባለሱቁ ግን ሚዛንን ብቻ አምኖ መግዛት አይገባውም። አንገቱ በሚገባ ያልደረቀ ሽንኩርት በመጋዘን ውሃውን እያጣ ስለሚቀል፥ አንድ ኩንታል ብሎ የተረከበውን አንድ ኩንታል አድርጎ ሊሸጠው አይችልም፤ የበሰበሰውም አጠገቡ ያለውን ያበላሻል። እንግዲህ ከመመዘኑ በፊት ጆንያው ይፈታ፤ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመካከሉም እየተወሰደ አንገቱ በጣት ይጫን። ለስላሳ ወይም የበቀለ ከተገኘ ዋጋው ይቀነስ፥ አለዚያም ይመለስ።