በጠፈር ላይ ያለ የራጅ መለኪያ ልኩ በምን ይታወቃል?

ከሰማይ አካላት የሚመጣው ራጅ የምድርን አየር አልፎ ወደ እኛ አይደርስም። ስለዚህ መለኪያው ወደ ጠፈር ይላካል፤ ከተላከ በኋላ ግን ማንም በእጁ ሊያስተካክለው አይችልም። ታዲያ ልኩ በምን ይጠበቃል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ከጃፓን የተላከችውን ክሪዝም የተባለች ሳተላይት እንመልከት። በእርስዋ ላይ ያለው ሪዞልቭ የተባለው መሣሪያ ከፍጹም ዜሮ በላይ 0.05 ኬልቪን ብቻ በሆነ ቅዝቃዜ ይሠራል። አንድ የራጅ ቅንጣት ሲያርፍበት በጥቂቱ ይሞቃል፤ የሙቀቱም መጠን የቅንጣቱን ኃይል ያስታውቃል። ነገር ግን የመሣሪያው የራሱ ሙቀት ጥቂት ቢለወጥ፣ ያው ቅንጣት ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

ስለዚህ ከ36ቱ መቀበያዎች አንዱ ሰማይን አያይም፤ ዘወትር ብረት 55 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚያወጣውን ራጅ ይቀበላል። የዚህ ራጅ ኃይል፣ ይኸውም 5900 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል፣ በምድር በሚገባ ስለ ተለካ እንደ ነጋዴ የሚዛን ድንጋይ ያገለግላል። አንዱ ለሁሉ ስለማይበቃም፣ ሌሎቹ በየጊዜው በተመሳሳይ ምንጭ ይፈተሻሉ።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። በ6000 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ የ1 ኤሌክትሮን ቮልት ስሕተት፣ በጋዝ ፍጥነት ላይ በሴኮንድ 50 ኪሎ ሜትር ስሕተት ይሆናል። የክሪዝም ቀዳሚ የነበረችው ሂቶሚ በ2016 ዓ.ም. በፐርሲየስ የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ የለካችው የጋዝ መናወጥ በሴኮንድ 164 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እንግዲህ የ3 ኤሌክትሮን ቮልት ያልታረመ መዋዠቅ ይህን የሚያህል ሐሰተኛ መናወጥ ሊፈጥር ይችላል።