የምድር ጥንታዊ ቅርፊት ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

ምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። ከመጀመሪያው ግማሽ ቢሊዮን ዓመት ግን እስከ ዛሬ የተረፈ ዐለት የለም ማለት ይቻላል። የያኔው ቅርፊት ቀልጧል፣ ተሸርሽሯል፣ ወይም ወደ ምድር ሆድ ተመልሶ ገብቷል። ታዲያ አህጉራት የተሠሩበት ቅርፊት መቼ መፈጠር እንደጀመረ በምን ይታወቃል? ዋናው ማስረጃ ዚርኮን የተባለ ደቃቅ ማዕድን ነው።

ዚርኮን በብዛት የሚገኘው እንደ ግራናይት ባሉ፣ ከቅልጥ ዐለት ቀዝቅዘው በሚጠጥሩ ዐለቶች ውስጥ ነው። በጣም ጠንካራ በመሆኑ ያስገኘው ዐለት ፈርሶ ሲያልቅ እንኳ እሱ አሸዋ ሆኖ ይቆያል። ሌላም ጠቃሚ ጠባይ አለው፤ ክሪስታሉ ሲሠራ ጥቂት ዩራኒየም ያስገባል፣ እርሳስ የተባለውን ብረት ግን አያስጠጋም። ዩራኒየም ደግሞ ከጊዜ ብዛት እየፈረሰ ወደ እርሳስ ይለወጣል። ስለዚህ በዚርኮን ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል እዚያው የተፈጠረ ነው። የሁለቱን መጠን አነጻጽሮ ክሪስታሉ ከተሠራ ስንት ዓመት እንደሆነው ማስላት ይቻላል።

ስሌቱን አስተማማኝ የሚያደርገው ሁለት ምስክር መኖሩ ነው። ዩራኒየም 238 በግማሽ ለመቀነስ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ሲፈጅበት፣ ዩራኒየም 235 ግን 704 ሚሊዮን ዓመት ብቻ ይበቃዋል። 4.4 ቢሊዮን ዓመት በሞላው ዚርኮን ውስጥ ከመጀመሪያው ግማሽ ያህሉ ቀርቷል፤ ከሁለተኛው የተረፈው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕድሜ ከሰጡ ውጤቱ ይታመናል፤ ከተለያዩ ግን እርሳሱ በሙቀት ወይም በሌላ ምክንያት ሾልኮ ወጥቷል ተብሎ ይጠረጠራል።

ሥራው የሚጀምረው ዐለቱን በመፍጨት ነው። ዚርኮን ከባድ ስለሆነ ዱቄቱ በውሃ ሲታጠብ ቀላሉ ይሄዳል፣ እሱ ይቀራል። ከዚያ ቅንጣቶቹ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ተለቅመው ሙጫ ውስጥ ይተከላሉ፤ መሐላቸው እስኪታይም ይሞረዳሉ። ሽሪምፕ የተባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ በቀጭን ጨረር ከቅንጣቷ ላይ ኢምንት ቦታ ቦርቡሮ አተሞቹን በክብደታቸው ይለያል። አንዲት ቅንጣት መሐሏና ጠርዟ የተለያየ ዕድሜ ሊኖራቸው ስለሚችል የሚለካው ነጥብ በጥንቃቄ ይመረጣል።

በዚህ ዘዴ ከተገኙት ሁሉ የሚደንቀው የምዕራብ አውስትራሊያው ጃክ ሂልስ ነው። ዐለቱ ራሱ ከ3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠጠርና አሸዋ ተጠራቅሞ የጠጠረ ነው፤ በውስጡ ያሉት አንዳንድ ዚርኮኖች ግን ከእሱ እጅግ ይቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይመን ዋይልድና ባልደረቦቹ ከሩብ ሚሊሜትር ያነሰች አንዲት ቅንጣት 4.4 ቢሊዮን ዓመት እንደሆናት አሳወቁ። በ2014 ደግሞ በጆን ቫሊ የተመራ ቡድን ከዚያው ቦታ የተገኘች ሌላ ቅንጣት ውስጥ ያሉትን የእርሳስ አተሞች አንድ በአንድ ለይቶ 4.37 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋን አጸና፤ እርሳሱ ዕድሜውን እስኪያዛባ ድረስ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

በጃክ ሂልስ ዚርኮኖች ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ ሌላ ወሬ ይነግረናል። በብዙዎቹ ውስጥ ከባዱ የኦክስጅን ዓይነት ከተለመደው በዝቶ መገኘቱ፣ ዚርኮኑን ያስገኘው ቅልጥ ዐለት ቀድሞ ፈሳሽ ውሃ የነካው ቁስ እንደነበረበት ያመለክታል። ስለዚህ ምድር ገና በልጅነቷ ግራናይት መሰል ቅርፊትም ውሃም ሳይኖራት አልቀረም። የያኔው ቅርፊት ሰፊ አህጉር ይሁን ትንንሽ ደሴት ግን ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ተበትኖ አሸዋ ያልሆነ፣ ሙሉ ዐለት ለሚፈልግ ደግሞ ሰሜን ምዕራብ ካናዳ ውስጥ አካስታ የተባለው ዐለት አለ፤ 4.03 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል።

አህጉራዊ ቅርፊት ግን ያኔ ተሠርቶ አላበቃም። በትግራይ፣ በቤኒሻንጉልና ወርቅ በሚወጣበት አዶላ የሚታዩት የአገራችን መሠረት ዐለቶችም በዚሁ በዚርኮን ሲለኩ፣ አብዛኞቹ ከ900 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ የተፈጠሩ ሆነው ተገኝተዋል። በምድር ታሪክ ሲታይ ይህ የቅርብ ጊዜ ነው።

ስለዚህ አንድ ድንጋይ ይህን ያህል ዓመቱ ነው ሲባል፣ የተለካው ምኑ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፦ ክሪስታሉ የተሠራበት፣ ዐለቱ የተጠራቀመበት ወይስ በሙቀት የተለወጠበት ጊዜ? በጃክ ሂልስ እንዳየነው፣ በአንድ ዐለት ውስጥ በእነዚህ መካከል ከቢሊዮን ዓመት በላይ ልዩነት ሊኖር ይችላል።