«ዝም በል» ማለት ፖሊስን ማደናቀፍ ነው?

ደጀን መናኸሪያን የማያውቅ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። የዓባይን በረሃ ወጥቶ የሚመጣው መንገድ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው በብቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚለያየው እዚያው ስለሆነ ግማሻችን ለእረፍት ስንሄድ በዚያ እናልፋለን። እንግዲህ አንድ የፈጠራ ጉዳይ እዚያ እናስቀምጥ። አንድ የሞጣ ልጅ ሞባይል ሰርቀሃል ተብሎ ተይዟል። መርማሪው «ስልኩን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሲጠይቀው አብሮት የነበረው አጎቱ ጣልቃ ይገባና «ዝም በል ልጄ! ጠበቃ ሳታማክር አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» ይለዋል። ፖሊሱም «አባቴ፣ ሥራዬን እያደናቀፉ ነው፤ እርስዎም ጣቢያ ይሄዳሉ» ይላቸዋል።

ይሄዳሉ ወይ? በክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ ለጓደኞቼ ሳነሳ አብዛኛው «እንዴታ፣ ፖሊስ እየጠየቀ መሃል መግባት ወንጀል ነው» አለ። እኔ ግን አይመስለኝም።

በመጀመሪያ አጎትየው ያሉት ነገር ምን እንደሆነ እንይ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19(2) የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚሰጠው ቃልም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል። ከዚያ በፊት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27(2) ይህንኑ ብሏል። ይህን የመንገር ግዴታ የተጣለው በማን ላይ ነው? በመርማሪው ላይ። ስለዚህ አጎትየው፣ ነገሩ ትንሽ ያስቃል እንጂ፣ የፖሊሱን ሥራ ነው የሠሩለት። ሕግ ንገረው ያለውን ቃል የተናገረ ሰው ሕግ በማደናቀፍ ይከሰሳል ብሎ መከራከር ይከብዳል። ጠበቃ የሚለውም ቢሆን ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቀድለታል ይላል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21(2)ም የቅርብ ዘመድንና የሕግ አማካሪን አንድ ላይ ጠቅሷል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በወረዳ ከተማ ጠበቃ ከየት ይመጣል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የወንጀሉ ፍሬ ነገሮች ናቸው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ የመንግሥት ሠራተኛን ሥራ ማሰናከልን የሚቀጣው በደፈናው አይደለም፤ በኃይል ወይም በዛቻ መሆን አለበት፣ ሠራተኛውም በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ያለ ሥራ ሲሠራ መሆን አለበት። በአንቀጽ 2 ደግሞ ፍርድ ቤት ሕጉ ወንጀል ያላለውን በማመሳሰል ወንጀል ማድረግ እንደማይችል ተደንግጓል። ምክር ኃይል አይደለም፤ ጮክ ብሎ ቢነገርም እንኳ።

አጎትየው የልጁን ክንድ ከፖሊሱ እጅ ቢመነጭቁ ግን ነገሩ ተገለበጠ። «ማታ ቤትህን አውቀዋለሁ» ቢሉትም እንደዚሁ። በመካከላቸው ቆመው አልነቃነቅም ቢሉስ? እዚህ ላይ እኔም አመነታለሁ። ፖሊሱ ፈቀቅ እንዲሉ ማዘዝ የሚችል ይመስለኛል፤ እምቢ ብለው በአካል ከገፉት ደግሞ ጉዳዩ ምክር መሆኑ ቀርቷል።

ኃይል ሳይኖርም ወደ ወንጀል የሚያሻግር ሌላ በር አለ፤ እሱም ውሸት ነው። አጎትየው «ስልኩ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው ቢዋሹ፣ ወይም ስልኩን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ቢከቱት፣ አንቀጽ 445 ይመጣል፤ ምርመራን በማሳሳት ወይም የወንጀሉን ፍንጭ በማጥፋት ሰውን ከክስ ማዳንን ይቀጣልና። እርግጥ ዝምድናው በጣም የቀረበ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ይችላል። ዝምታና ውሸት በሕጉ ዓይን ወንድማማቾች አይደሉም።

በውጭው ዓለምም ይኸው ክርክር ተነስቷል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1966 በተወሰነው የራይስና የኮኖሊ ጉዳይ አንድ ሰው ሌሊት መንገድ ላይ ሲጠየቅ ሙሉ ስሙንና አድራሻውን አልናገርም አለ፤ ፍርድ ቤቱ ፖሊስን መርዳት የሞራል እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም ብሎ ነፃ አወጣው። በአሜሪካ ደግሞ የሂዩስተን ከተማ ፖሊስን በሥራው ላይ ማቋረጥን የሚከለክል ደንብ ነበራት። አንድ ሰው ፖሊሶች ጓደኛውን ሲያነጋግሩ ትኩረታቸውን ለማስቀየር ጮኸ፣ ታሰረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ደንቡ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው ብሎ ውድቅ አደረገው።

እስካሁን ስለ ተጠርጣሪ ነው ያወራነው። ምስክር ሲሆን ግን ይለያል፤ በአካባቢያችን ደግሞ ችግሩ ያለው በብዛት እዚህ ላይ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 30 ምስክር ፖሊስ ሲጠይቀው በእውነት እንዲመልስ ያስገድዳል፤ እምቢ ማለት የሚችለው መልሱ ራሱን በወንጀል የሚያስከስሰው ከሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ ሰው ሞቶ ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ይነሳሉ እንበል። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ቂም በቀል እንዳይቀጥል ነው የሚለፉት። ነገር ግን እርቁ እንዳይፈርስ ሲሉ «እናንተም አላየንም በሉ» ብለው ምስክሮቹን ቢያስምሉስ? በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ወንጀል፣ ለምሳሌ በስድብ፣ ባለጉዳዩ ታርቆ አቤቱታውን ቢተው ያበቃል። ግድያ ግን የሟች ቤተሰብ ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ በእርቅ ፋይሉ አይዘጋም። ለተጠርጣሪው «ዝም በል» ማለት መብቱን ማስታወስ ሲሆን ለምስክሩ «አላየሁም በል» ማለት ግን ምርመራውን ማሳሳት ነው፤ ሽማግሌው ነጭ ጋቢ ለብሶ መስቀል ይዞ ቢናገረውም።

«ፖሊሱ ራሱ ከሕግ ውጪ ቢሆንስ?» ያለኝ ጓደኛ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቃል ለማውጣት የሚመታ ወይም የሚያስፈራራ መርማሪ በሥልጣኑ ክልል ውስጥ አይደለም፤ እንዲያውም አንቀጽ 424 የሚቀጣው እሱን ነው። ሆኖም ይህን ክርክር መናኸሪያ ውስጥ በቡጢ የጀመረ ሰው በኋላ ችሎት ላይ ማን ቀድሞ እንደመታ ሲያስረዳ ይከርማል። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት (የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር)፤ አጎትየው አቤቱታቸውን ቢያሰሙ የሚሻለው እዚያ ነው።

ወደ ደጀኑ ጉዳያችን ስንመለስ፣ ዐቃቤ ሕጉ በእኚህ ሰው ላይ ክስ ቢመሠርት የሚያቀርበው ማስረጃ «ዝም በል ልጄ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እኔ ዳኛ ብሆን አሰናብታቸው ነበር፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ ደስ ይለኛል።