የእናት ኩባንያ ዕዳ ባሕር ይሻገራል

ትርፉ ለንደን ሲገባ ሕመሙ ደቡብ አፍሪካ መቅረቱ ለአስቤስቶስ ነጋዴዎች ለረዥም ዘመን ያዋጣ ስሌት ነበር፡፡ ስሌቱን ያፈረሰው የእንግሊዙ የኬፕ ኩባንያ ጉዳይ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1893 የተቋቋመው ኬፕ፣ በተቀጥላ ኩባንያዎቹ አማካይነት በደቡብ አፍሪካ አስቤስቶስ ሲያስቆፍር ኖሮ በ1979 ማዕድኑን ሸጦ ወጣ፡፡ ይሁን እንጂ የአስቤስቶስ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ ሕመምና ካንሰር ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላም ብቅ ስለሚል፣ ኩባንያው ቢወጣም ሠራተኞቹ መታመማቸው አልቆመም፡፡ እንግሊዝ ግን በራሷ ፋብሪካዎች ብናኙን የሚቆጣጠር ደንብ ያወጣችው በ1931 ነበር፡፡

ኬፕ በ1990 አንድ ድል አግኝቶ ነበር፡፡ በአሜሪካ የተፈረደበትን ካሣ ለማስፈጸም ሲሞከር፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እናትና ተቀጥላ ኩባንያ በሕግ የተለያዩ ናቸው በማለት ጥያቄውን ውድቅ አደረገው፡፡ ደቡብ አፍሪካውያኑ ሲከሱትም ጉዳዩ በአገራቸው ይታይ ሲል ተከራከረ፡፡ ሆኖም በሐምሌ 2000 የእንግሊዝ የበላይ ፍርድ ሰጪ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት፣ ከሣሾቹ በአገራቸው ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ እንደማያገኙ አመዛዝኖ ክሱ እንግሊዝ እንዲታይ ወሰነ፡፡

የከሣሾቹ ቁጥር ወደ 7,500 ደረሰ፡፡ በ2001 መጨረሻ በ21 ሚሊዮን ፓውንድ ስምምነት ቢደረስም ኬፕ መክፈል አቃተው፡፡ በ2003 ወደ 7.5 ሚሊዮን ወረደ፤ በአማካይ ለአንድ ሰው 1,000 ፓውንድ ገደማ ማለት ነው፡፡ ገንዘቡን ሳያዩ የሞቱም ብዙዎች ናቸው፡፡

ለገበያው ሰዎች ይበልጥ የሚያስተምረው የገዢው ዕጣ ነው፡፡ ከኬፕ በኋላ ማዕድኖቹን የያዘው የጄንኮር ኩባንያ፣ የኢምፓላ ፕላቲነም አክሲዮኖቹን ለባለአክሲዮኖቹ ለማከፋፈል ሲዘጋጅ ከሣሾች በፍርድ ቤት አገዱበት፡፡ ክፍፍሉ የተፈታው በ2003 ለሕሙማን 381 ሚሊዮን ራንድ የያዘ የአደራ ፈንድ ከተቋቋመ በኋላ ነው፡፡

በ2012 ደግሞ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ስለ ሥራው አደጋ ከተቀጥላው የበለጠ ያወቀ እናት ኩባንያ ለተቀጥላው ሠራተኛ ጤንነት ሊጠየቅ እንደሚችል በዚያው በኬፕ ላይ ፈረደ፡፡

ፋብሪካ የሚገዛ ባለሀብት የማሽኑን ዕድሜና የባንክ ዕዳውን መጠየቁ የተለመደ ነው፡፡ በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይታየው ዕዳ ግን በሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ የሠራተኞቹን የጤና መዝገብም ከመፈራረሙ በፊት ማየት ይበጃል፡፡