የልጆች ምርመራ ልብ ወለድ በጠፈር መቼት፤ ፍንጩ ከሶዶ ሰማይ ሲነሣ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ከእንቆቅልሽ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ጠያቂው መልሱን ይደብቃል እንጂ ምልክቱን አይደብቅም። ተጠያቂው ተሸንፎ አገር ከሰጠ በኋላ መልሱ ከምልክቱ ጋር ካልገጠመ ጨዋታው ፈረሰ። ይህ ጽሑፍ ይኸው ደንብ በጠፈር መቼት ለልጆች በሚጻፍ ልብ ወለድ ውስጥ ምን እንደሚጠይቅ፣ በተለይም ተደራሲው የወላይታ ሶዶ ልጅ ቢሆን፣ ለማሳየት ይሞክራል።

አሜሪካዊው አርታዒ ጆን ካምፕቤል ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ወንጀል ምርመራ አብረው አይሄዱም ይል ነበር፤ መርማሪው በጭንቅ ሰዓት አንባቢ የማያውቀውን መሣሪያ ከኪሱ ሊያወጣ ይችላልና። አይዛክ አሲሞቭ ይህን አልተቀበለም። የዚያ ዓለም ሕግ አስቀድሞ ከተነገረ ማታለል የለም ባይ ነው። ከ1952 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ፖል ፍሬንች በሚል የብዕር ስም ስድስት የለኪ ስታር መጻሕፍትን ለልጆች አሳትሟል። በመጀመሪያው ከማርስ የመጣ ምግብ ሰዎችን ይገድላል፤ መርማሪው ምስጢሩን ፍለጋ ወደዚያው ይሄዳል። በ1956 የወጣው ግን ሜርኩሪ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ለፀሐይ ታሳያለች በሚለው የዘመኑ ዕውቀት ላይ የቆመ ነበር። በ1965 በራዳር በተደረገ ጥናት ፕላኔቷ በ59 ቀን ገደማ በራሷ ዛቢያ እንደምትዞር ታወቀ። አሲሞቭም በኋላ እትም ላይ ይህንኑ የሚገልጽ ማሳሰቢያ ጨመረ። በእኔ ግምት ለልጅ ከታሪኩ የማይተናነስ ትምህርት ያለው በዚህ ማሳሰቢያ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሶዶ እንምጣ። የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል የሚል ፍንጭ ለአውሮፓ ልጅ እውነት ነው። ሶዶ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ የታኅሣሥ ቀትር ጥላ ወደ ዳሞታ ተራራ ያመለክታል፤ የሰኔው ለተራራው ጀርባውን ይሰጣል፤ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ ማለቂያ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። ለጋ ጨረቃም በውጭ መጻሕፍት ሥዕል እንደምትታየው ቆማ ሳይሆን እንደ ጀልባ ጋደም ብላ ነው የምትወጣው። የገጸ ባሕርያቱን ስም ብቻ ለውጦ መተርጎም እንግዲህ አስተዋዩን ልጅ ያሳስተዋል።

ጨረቃ ለወላይታ ልጅ እንግዳ አይደለችም። የመስከረሙ የዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ የሚውልበትን ቀን ሽማግሌዎች የሚለዩት የጨረቃን ሁኔታ ተከታትለው ነው። በሜርኩሪ ላይ ስሕተት የሆነው ነገር ደግሞ በጨረቃ ላይ እውነት ነው፤ አንድ ፊቷን ብቻ ታሳየናለች። ከዚህ ሴራ ሊወጣ ይችላል። ወደ እኛ በዞረው የጨረቃ ፊት መካከል ካለ ጣቢያ ዘር ተሰረቀ እንበል። ተጠርጣሪው "በዚያ ሰዓት ምድር ስትጠልቅ በመስኮት እያየሁ ነበር" ይላል። ዋሽቷል፤ ከዚያ ስፍራ የምትታየው ምድር ካለችበት እምብዛም አትነቃነቅም። የጨረቃን ጥቋቁር ነጠብጣቦች ለጥቂት ሌሊቶች ያስተዋለ ልጅ መርማሪውን ሊቀድመው ይችላል።

ችግሩ ከቋንቋው ላይ ነው። የወላይታ ልጅ ማንበብ የሚጀምረው በወላይትኛ፣ በላቲን ፊደል ነው። ወላይትኛን ከአጎራባች ቋንቋዎች ጋር ቀላቅሎ የተዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ምን ያህል ቁጣ እንደቀሰቀሰ ይታወሳል። በአማርኛ የሚጽፍ ደራሲ ለዚህ አንባቢ "ምድር" ብሎ ሲጽፍ የምንረግጠውን አፈር ነው ወይስ በሰማይ ላይ የተንጠለጠለችውን ፕላኔት? "መሬት" ቢልም ያው ነው። ስለዚህ ከስርቆቱ በፊት ልጁ ምድርን ከጣቢያው መስኮት፣ ሰማያዊና ክብ ሆና፣ አንድ ጊዜ ማየት ይኖርበታል።