ለ20 ቶን ማሽን 140 ወይስ 155?

በውስጥ መስመር ደጋግመው ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ማሽኔ ፒሲ 200 ነው፣ ሳይቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ 140 ልግዛ ወይስ 155?» የጠያቂው ልብ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 155 ያዘነበለ ነው። ድንጋዩ ከባድ ከሆነ ጃክሃመሩም ከባድ መሆን አለበት ብሎ ያስባል። የኔ መልስ ግን አይቀየርም። ጃክሃመር መጀመሪያ የሚመረጠው በማሽኑ ነው፤ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ድንጋዩ ከማሽኑ አቅም በላይ ከሆነ መቀየር ያለበት ማሽኑ ነው።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፣ 140 ወይም 155 የሚባለው ቁጥር የቺዝሉ ውፍረት በሚሊሜትር ነው። ገበያ ላይ ኤስቢ 81 የሚባለው የ140 ነው፣ ኤስቢ 121 የ155፣ ኤስቢ 50 የ100፣ ባክሆ ሎደር ላይ የምታዩት ኤስቢ 43 ደግሞ የ75። ስያሜው የኮሪያው ሱሳን ነው። ዛሬ ብዙ የቻይና ፋብሪካዎችም ስለሚጠቀሙበት፣ ኤስቢ 81 የተጻፈበት ሁሉ እኩል ይመታል ማለት አይደለም።

ከክብደት እንጀምር። የኮማትሱው ፒሲ 200 ወደ 20 ቶን ይመዝናል። የ140 ጃክሃመር ከነቀፎውና ከነቺዝሉ 1.7 ወይም 1.8 ቶን ነው፤ የማሽኑ 9 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የ155 ግን ወደ 2.5 ቶን ስለሚጠጋ ከ12 በመቶ ያልፋል። ከ10 በመቶ ሲያልፍ እኔ አልስማማም። «ያነሳዋል እኮ!» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ያነሳዋል። ችግሩ ግን ማንሳቱ አይደለም። አርሙ ተዘርግቶ ማሽኑ ወደ ጎን ሲዞር ሚዛኑ ይፈተናል። ሥራ ሲጀመር ደግሞ እያንዳንዱ ምት ተመልሶ ቡሙና አርሙ ላይ ያርፋል። ፒኑና ቡሹ ይላላል፣ ውሎ አድሮም በብየዳው ጠርዝ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ያን ጊዜ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ቡም የሚያስበይደው ባለማሽኑ ነው።

ተቃራኒውም ያው ነው። በ30 ቶን ማሽን ላይ ትንሽ ጃክሃመር ብትሰቅሉ ኦፕሬተሩ ሳያውቀው በማሽኑ ክብደት ይደፈጥጠዋል። ቺዝሉ ይጎብጣል፣ ጃክሃመሩን አንድ ላይ የያዙት ረጃጅም ቡሎኖች ይበጠሳሉ።

ብዙ ሰው የማይጠይቀውና እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን የዘይቱ ነገር ነው። የፒሲ 200 ሁለቱ ፓምፖች ተደምረው በደቂቃ ከ400 ሊትር በላይ ይገፋሉ። የ140 ጃክሃመር የሚፈልገው ከ120 እስከ 180 ሊትር ነው። የሁለቱም ፓምፕ ዘይት ከተለቀቀበት ፒስተኑ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሮጣል፣ ዘይቱ ይግላል፣ ሲል ኪቱም ዕድሜውን ሳይጨርስ ይበላል። ኦፕሬተሩ ግን «ዛሬ ጥሩ እየመታ ነው» ብሎ ይደሰታል። ኮማትሱ ላይ የ«ቢ» ሞድ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ያንን ሳትመርጡ ሥራ አትጀምሩ። ፍሰቱ ሲያንስ ደግሞ ምቱ ይደክማል፣ ቀኑም ያልቃል። ግፊቱንም እዩት፦ የሪሊፍ ቫልቩ ልክ ከጃክሃመሩ የሥራ ግፊት ከ30 እስከ 50 ባር ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ዘይቱ ፒስተኑን በመግፋት ፈንታ በቫልቩ አምልጦ ሙቀት ይሆናል።

የመመለሻ መስመሩንም አደራ። ከጃክሃመሩ የሚወጣው ዘይት በፊልትሮ አልፎ በቀጥታ ወደ ታንከሩ መግባት አለበት። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ በቀጭን ቱቦ ሲቀጠል፣ ወይም በዋናው ቫልቭ በኩል ሲመለስ፣ ዘይቱ መውጫ ያጣል፤ የኋላ ግፊቱ ምቱን ያዳክማል፣ ሲሉንም ይገፋል። በዓመት ሦስት ጊዜ ሲል ኪት የሚቀይር ሰው ካለ፣ ጃክሃመሩን ከመራገሙ በፊት ይህን መስመር ያስፈትሽ። ፍሰትና ግፊት በግምት አይታወቅም፤ የሚገጥምላችሁ መካኒክ ፍሎው ሜትርና ጌጅ ከሌለው ያለውን ፈልጉ።

እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ የዘይት ማቀዝቀዣው በቆላ የሚያወጣውን ያህል ሙቀት አያወጣም። በአቅሙ ጫፍ ላይ የሚሠራ ጃክሃመር ሌላ ቦታ ሲችል እዚህ ቶሎ ይግላል። ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ አቁሙ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ስንጥቅ የበዛበትና ንብርብር የሆነ ድንጋይ ትልቅ ጉልበት አይፈልግም፤ ፈጣን ምት ይበቃዋል። ወጥ የሆነ ጥቁር ድንጋይ ግን ከባድ ምት ይፈልጋል። የ140 ቺዝል አንድ ቦታ ላይ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ መትቶ ካልገባ ቦታ ቀይሩ፤ ከጠርዝ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። እየገፋ ቢቆይ የሚያተርፈው የቺዝሉን ጫፍ ማጋልና ማለስለስ ብቻ ነው። ከጠርዝም እምቢ ካለ የ30 ቶን ማሽን ከነ155ቱ ለጥቂት ቀናት መከራየት፣ 155 ገዝቶ ፒሲ 200ን ከመጨረስ በብዙ ይሻላል። ካባ ውስጥ ለክሬሸር የማይገባውን ትልቅ ድንጋይ ለመፈርከስ ደግሞ ሹሉን አውጥታችሁ ዱልዱሙን ቺዝል አድርጉ፤ ሹሉ ይንሸራተታል፣ ዱልዱሙ ኃይሉን ያስተላልፋል።

ግሪስ በየሁለት ሰዓቱ። ሲሰጥ ቺዝሉ መሬት ላይ ተጭኖ ወደ ላይ መግባት አለበት። ተንጠልጥሎ ከተሰጠ ግሪሱ በፒስተኑና በቺዝሉ መካከል ይሞላል፣ የሚቀጥለው ምት ሲሉን ይበጥሰዋል። ይህን ለረዳቱ አንድ ጊዜ በእጃችሁ አሳዩት፤ በቃል ብቻ አይያዝም።

ያገለገለ ጃክሃመር የምትገዙ ከሆነ ሲሠራ ሳታዩት አትክፈሉ። ቱቦዎቹን ተመልከቱ፤ ከመጠን በላይ የሚዘሉ ከሆነ የአኩሙሌተሩ ናይትሮጅን ወርዶ ሊሆን ይችላል። የፍሰትና የግፊት ልኩ የተጻፈበት ሰሌዳ ቀፎው ላይ መኖር አለበት። ተፍቆ ከሆነ በሻጩ ቃል አትሂዱ፤ ቺዝሉ ያልተበላበት ቦታ ላይ በካሊፐር ለኩ። 140 ተብሎ 135 የሚወጣ አለ፣ ዋጋውም እንደ ልኩ መሆን አለበት።