«ኢኪሩ» የተባለው ፊልም እንዲታይልን



ቁም ነገር ያለበትን ፊልም መርጠው የሚያሳዩ ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች፣ ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1952 የሠራውን «ኢኪሩ» ቢያሳዩን ምንኛ በወደድሁ። የሳሙራይ ሰይፍ የለበትም፤ ባለታሪኩ ዋታናቤ እንደ እኛው ማኅተም ሲመታ የኖረ የማዘጋጃ ቤት ሹም ነው። የሰፈር ሴቶች ቆሻሻው ውኃ ተደፍኖ የልጆች መጫወቻ እንዲሆን አቤት ቢሉ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲመሯቸው ቆይተው ወደ ጀመሩበት መስኮት ይመለሳሉ። (ይህንንማ ለማየት ቲኬት መግዛት ምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም!) ዋታናቤ የጨጓራ ነቀርሳ እንደ ያዘው ባወቀ ጊዜ ግን ያንኑ አቤቱታ አንሥቶ በየሹሙ ቢሮ ደጅ ይጠና ጀመር። በለቅሶው ላይ ባልደረቦቹ እንደ እርሱ ለመሥራት ይምላሉ፤ ቢሮ ከተመለሱ በኋላ ያደረጉትን ተመልካች ራሱ ይየው። ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ ከሥራ ለምንወጣ ሠራተኞች በ12 ሰዓት ቢጀመርልን መልካም ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ